ሸክላ ስለሚባለው ፕላስቲክና በእርሱ ስለሚሠራው የጠረጴዛ ብዕር ማስቀመጫ

ፖሊመር ሸክላ እየተባለ በዓለም ገበያ የሚሸጠው የቅርጽ ማውጫ ሊጥ፣ ስሙ ሸክላ ይሁን እንጂ መሠረቱ አፈር አይደለም። ዋናው አካሉ ነጋዴው ሁሉ በውሃ ቧንቧ፣ በኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስና በወለል ንጣፍ የሚያውቀው ፒ.ቪ.ሲ. ነው። ደቃቁ የፕላስቲክ ዱቄት በሚያለሰልስ ቅባት መሰል ፈሳሽ ይለወሳል፤ ቀለምና ማሙያ ይጨመርበታል፤ ከዚያም እንደ ሊጥ ሆኖ በትንንሽ ጥቅል ይሸጣል። ሙቀት ሲያገኘው ፈሳሹ ወደ ዱቄቱ ቅንጣቶች ይሠርጋል፤ ቅንጣቶቹም አብጠው እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ። በዚህ ሁኔታ ሊጥ የነበረው ነገር ጠንካራ ፕላስቲክ ሆኖ ይቀራል። እንደ አፈር ሸክላ ውሃው ስለ ተነነ የሚጠና ባለመሆኑ በአየር ላይ ለሳምንታት ቢቀመጥ አይደርቅም፤ የሚያጠናው ሙቀት ብቻ ነው።

ለአማርኛ ተናጋሪ ግን ይህ የስም ውርስ አዲስ አይደለም። ዘፈን የሚቀረጽበት ዝርግ ክብ ዕቃም ሸክላ ሲባል ኖሮአል። በ1960ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ የዘፈን መደብሮች ሲሸጥ የነበረው ቪኒል የተባለው ዓይነት ደግሞ ከዚሁ ከፒ.ቪ.ሲ. ወገን ነው። እንግዲህ ፕላስቲክ የሸክላን ስም ሲወስድ ይህ ቢያንስ ሁለተኛው መሆኑ ነው። ልዩነቱ፣ የዘፈኑን ሸክላ እሳት ላይ የሚጥድ ሰው አልነበረም፤ አሁን የመጣው ግን ያለ ሙቀት የማይሆን ዕቃ ነው። ስሙን ብቻ ሰምቶ የገዛ ሰው እንደ ጀበና ከከሰል ላይ ሊያኖረው ይችላል። ስለዚህ ይህን ሸቀጥ የሚያስመጣም ሆነ በችርቻሮ የሚሸጥ ነጋዴ፣ ዕቃውን ከመሸጡ በፊት ጠባዩን ማወቅ ግዴታው ነው።

ታሪኩ ረዥም አይደለም። በጀርመን አገር በአሻንጉሊት ሥራ ስመ ጥር የነበረችው የኬተ ክሩዘ ልጅ ሶፊ፣ በቤት ስሟ ፊፊ የምትባለው፣ ለአሻንጉሊት ጭንቅላት ይሆን እንደ ሆነ የቀረበላትን የፕላስቲክ ሊጥ ለቅርጽና ለሞዛይክ ሥራ አዋለችው። እ.ኤ.አ. በ1964 አሠራሩን ለኤበርሃርድ ፋበር ኩባንያ ሸጠች፤ ፊሞ የሚለው የንግድ ስም ከእርሷ ስም የተወሰደ ነው። ኩባንያውም እ.ኤ.አ. በ1978 በእርሳሱ በሚታወቀው በስቴድለር እጅ ገባ። በአሜሪካ አገር ደግሞ ፖሊፎርም የተባለው የኢሊኖይ ኩባንያ ስካልፒ የሚባለውን፣ በቤልጅየም ሌላው ፋብሪካ ሰርኒት የሚባለውን ያወጣሉ። ሦስቱ በጠባይ ቢመሳሰሉም የሚጋገሩበት ሙቀት አንድ አይደለም፤ ይህም ኋላ የሚነሣ ነገር ነው።

በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በ38 ዓይነት ዕቃዎች ላይ የተጣለው የማስገቢያ ክልከላ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ አብሮ ተነሥቶአል። ከዚያ ወዲህ አስመጪው የሚያመጣውን ዕቃ የመምረጥ ዕድሉ ሰፍቶለታል፤ ነገር ግን ለእያንዳንዱ የውጭ ገንዘብ የሚከፍለው ብር ከቀድሞው እጅግ በዝቶበታል። እንደ ፖሊመር ሸክላ ያለ ለኑሮ ግድ ያልሆነ ዕቃ በዚህ ጊዜ ትርፍ የሚሰጠው፣ ጥቂቱ ብዙ ሥራ የሚሠራ ሲሆን ነው። አንድ ብዕር ማስቀመጫ ስንት ጥቅል እንደሚፈጅ ማስላት የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

ለምሳሌ ኮዬ ፈጬን መውሰድ ይቻላል። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ፣ በአቃቂ ቃሊቲ በኩል የሚገኘው ይህ ስፍራ ቀድሞ የእርሻ መሬት ነበር። ዛሬ የጋራ መኖሪያ ሕንጻዎች ተሰልፈው ቆመውበታል፤ በሕንጻዎቹ ምድር ቤትም ሱቆች ተከፍተዋል። ነዋሪው በአብዛኛው አዲስ ቤት የገባ፣ ቤቱን እየቆየ የሚያደራጅ ሰው ነው። ተማሪ ልጅ ያለው ቤት ጠረጴዛ ይገዛል፤ ጠረጴዛ ካለ እርሳስ፣ ብዕርና መቀስ የሚሰበሰቡበት ዕቃ ይፈለጋል። ይህን ዕቃ በገዛ እጅ ሠርቶ ለጎረቤት መሸጥ ለሚሻ ሰውም አንዲት ጠባብ ጠረጴዛ ትበቃዋለች፤ ለጋራ ቤት ኑሮ የሚስማማው ይህ ነው። የአፈር ሸክላ ግን በፎቅ ቤት የሚሠራ አይደለም፤ ጭቃ ማቡኪያና ክፍት የእሳት ቦታ ይፈልጋል። ደግሞም የአቃቂ ሜዳ አፈር አብዛኛው ጥቁር ዋልካ ነው፤ ሲረጥብ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ በመሆኑ ብቻውን ለሸክላ ሥራ ምቹ አይደለም።

እንግዲህ በዚያ የምትኖር አንዲት ሴት ከምድር ቤቱ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ጥቅሉን ገዝታ ሥራውን ብትጀምር አካሄዱ እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ ውስጡን የሚሸከም አካል ያስፈልጋታል። ባዶ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ወይም ቀጥ ያለ የብርጭቆ ማሰሮ ይሆናል፤ የፕላስቲክ ጠርሙስ ግን በመጋገሪያው ውስጥ ስለሚቀልጥ አይሆንም። የጣሳው አፍ የሚቆርጥ ስለት እንዳይቀርበት በመዶሻ ወደ ውስጥ ይደፋል፤ ጣሳው ታጥቦ ይደርቃል፤ ነጭ ኮላም በስሱ ይቀባና እስኪደርቅ ይቆያል። ኮላው ያስፈለገበት ምክንያት ሊጡ በለስላሳ ብረት ላይ በደኅና የማይይዝ ስለ ሆነ ነው።

ሊጡ ከጥቅሉ ሲወጣ ደረቅ ያለ ይመስላል፤ በእጅ ሙቀት ሲታሽ ይለሰልሳል። እሽታው መሰልቸት የለበትም፤ በደንብ ያልታሸ ሊጥ ከተጋገረ በኋላ ይሰባበራል። ከዚያ በሁለት እኩል ውፍረት ባላቸው ጣውላዎች መካከል አድርጎ በብርጭቆ ጠርሙስ መዳመጥ ነው፤ ጠርሙሱ በጣውላዎቹ ላይ ስለሚንከባለል ሊጡ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ውፍረት ይኖረዋል። ሥራው የሚከናወነው በመስተዋት ወይም በሴራሚክ ንጣፍ ላይ እንጂ ቫርኒሽ በተቀባ ጠረጴዛ ላይ መሆን የለበትም፤ በሊጡ ውስጥ ያለው ማለስለሻ ፈሳሽ ቫርኒሹን ያበላሻል።

ስፋቱ 7.5 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጣሳ ለመሸፈን ርዝመቱ 24፣ ወርዱ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዝርግ ሊጥ ያስፈልጋል። ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር ቢደረግ 96 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ጥቅሉ ብዙውን ጊዜ 57 ግራም ያህል ስለ ሆነ፣ ክብደቱ እንደየፋብሪካው ቢለያይም ለዙሪያው ብቻ ሦስት ጥቅል ገደማ ይሄዳል፤ ለወለሉና ለጌጡ ሲጨመር አራት ይደርሳል። ዝርጉ ሊጥ በጣሳው ዙሪያ ይጠቀለላል፤ ሁለቱ ጫፎች ሳይደራረቡ ፊት ለፊት እንዲገጥሙ በምላጭ ተቆርጠው መጋጠሚያው በጣት ይዳመሳል። ከሊጡና ከጣሳው መካከል አየር ታፍኖ የቀረ እንደ ሆነ በሙቀት ጊዜ ስለሚያብጥ በመርፌ ወግቶ ማስወጣት ይገባል።

ጌጡን በሚመለከት ዕቃው ከአፈር ሸክላ የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ፤ ቀለሙ ከሊጡ ጋር የተዋሐደ ነው። ልዩ ልዩ ቀለም ያላቸውን ቀጫጭን ዘንጎች አስተካክሎ በማሰርና አንድ ላይ በመጫን ረዥም ግንድ መሥራት ይቻላል። ግንዱ እንደ ዳቦ ሲቆረስ እያንዳንዱ ቁራሽ አንድ ዓይነት ሥዕል ይዞ ይወጣል። ይህ ጥበብ የቬኒስ መስተዋት ሠሪዎች ከሚሠሩበት ዘዴ የተቀዳ ነው። ቢጫ ዘንጎችን በመካከለኛው ዙሪያ ደርድሮ አንድ የአደይ አበባ ግንድ የሠራ ሰው ከእርሱ በርካታ አበባ ይቆርጣል፤ የነጠላ ጥለትም በዚሁ መንገድ ይወጣል። የውጭ አገር መጽሐፍ ላይ ያለውን ጽጌረዳ ከመቅዳት ይልቅ በአገሩ ገዢ ዓይን የሚገባው ይኸኛው ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የመጋገሩ ጉዳይ ነው፤ የንግዱም ስም የሚጠፋውና የሚጸናው በዚህ ላይ ነው። ፊሞ በ110 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ ይጋገራል። ስካልፒ በ130 ዲግሪ፣ ለየ6 ሚሊ ሜትር ውፍረቱ 30 ደቂቃ ያስፈልገዋል። ሰርኒት ከ110 እስከ 130 ባለው መካከል ነው። ከዚህ ያነሰ ሙቀት ያገኘ ዕቃ የጠና ይመስልና ከጥቂት ጊዜ በኋላ በመጠነኛ ግፊት ይሰበራል፤ ገዢውም ዕቃው መጥፎ ነው ብሎ ይመለሳል። ከሚገባው በላይ የሞቀ እንደ ሆነ በመጀመሪያ ቀለሙ ይጠቁራል፤ ሙቀቱ ወደ 170ና 180 ዲግሪ ሲወጣ ደግሞ ፒ.ቪ.ሲ. ይበሰብስና ዓይንና ሳንባ የሚያቃጥል የሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝ ያወጣል።

በኮዬ ፈጬም ሆነ በሌላው የአዲስ አበባ ክፍል ግን በየቤቱ የሚገኘው የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው፤ ኦቨን ያለው ቤት ጥቂት ነው። የእንጀራ ምጣድ ፊት ወደ 200 ዲግሪ የሚደርስና የሚያልፍም ስለ ሆነ ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይሆንም። ከሰልም እንደዚሁ ነው፤ ሙቀቱን መለካትም መግታትም አይቻልም። መስኮቱ ጠባብ በሆነ የጋራ ቤት ማድ ቤት ውስጥ ይህን ያህል ስሕተት መሥራት አደጋው የሠሪዋ ብቻ አይደለም፤ በቤቱ ያለ ሕፃን ሁሉ ይተነፍሰዋል። አንዳንድ የውጭ አገር መምሪያዎች ኦቨን የሌለው ሰው ዕቃውን በፈላ ውሃ እንዲቀቅል ይመክራሉ። ይህ ምክር በባሕር ጠረፍ ላለ አገር ምናልባት ይሠራ ይሆናል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ግን ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ምንም ያህል ቢንተከተክ ከዚያ አይዘልም። ስለዚህ 110 ዲግሪ የሚጠይቀው ዕቃ ሳይበስል ይወጣል። ይህን ሳያውቅ የሚሸጥ ባለሱቅ የራሱን ደንበኛ ያስቀይማል።

ሁነኛው መንገድ በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ትንሽ የኤሌክትሪክ ኦቨን ነው። እርሱም ቢሆን በመዘወሪያው ላይ የተጻፈው ቁጥርና የውስጡ እውነተኛ ሙቀት ብዙ ጊዜ ስለማይገጥሙ፣ ውስጡ የሚቀመጥ ቴርሞሜትር ያስፈልጋል። የፖሊመር ሸክላ ጥቅል የሚያስመጣ ነጋዴ ቴርሞሜትሩን አብሮ ቢያስመጣ ሁለት ዕቃ ይሸጣል፤ ቅሬታም ይቀንስለታል። ዕቃው በሴራሚክ ንጣፍ ላይ ተቀምጦ በአልሙኒየም ፎይል ድንኳን ቢሸፈን የኦቨኑ ጋሻ ሽቦ ቀለሙን አያሳርረውም። መስኮት መክፈት ግድ ነው፤ ከመጋገሪያው ጋርም ምግብ አብሮ አይጋገርም። ጊዜው ሲያልቅ ኦቨኑ ተዘግቶ ዕቃው እዚያው ውስጥ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል። ኦቨን የሌላቸው ጎረቤቶች በአንድ ቤት ኦቨን ተራ ገብተው ቢጋግሩ ወይም ባለሱቁ ራሱ አንድ ኦቨን አቁሞ በጥቂት ክፍያ ቢጋግርላቸው የተሻለ ይሆናል፤ ይህ ለምድር ቤት ሱቅ የማይከብድ አገልግሎት ነው።

አሁን ወደ አራቱ ጥቅል መመለስ ያስፈልጋል። አንድ ብዕር ማስቀመጫ ከውጭ አገር የመጣ አራት ጥቅል የሚፈጅ ከሆነ ዋጋው ከቻይና ተሠርቶ ከሚመጣው የፕላስቲክ ማስቀመጫ ጋር ሊወዳደር አይችልም። የአራቱ ጥቅል አብዛኛው ደግሞ የሚሄደው ማንም ለማያየው ውፍረት ነው። ጣሳውን በመተው የአፈር ሸክላ በስፍራው ቢገባ ግን ሒሳቡ ይለወጣል።

በአዲስ አበባ ሰሜን በቀጨኔ ያሉ ሸክላ ሠሪ ሴቶች ጀበና፣ ድስትና ምጣድ በመሥራት የታወቁ ናቸው። ሥራቸው በክፍት እሳት የሚተኮስ በመሆኑ ከ600 ዲግሪ በላይ ሙቀት የተቀበለ ነው፤ ስለዚህ የ130 ዲግሪ ኦቨን አንዳች አያደርገውም። ያልተቀባና ያልተወለወለ የሸክላ ፊት ሻካራ ስለ ሆነ ሊጡን ከጣሳ ይልቅ አጥብቆ ይይዛል። ነጋዴው ለሠሪዎቹ ልኩን ሰጥቶ፣ ውስጡ 7 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ግድግዳው ቀጥ ያለ ኩባያ እንዲሠሩለት ማዘዝ ይችላል። በመካከሉ ዙሪያውን ወርዱ 3 ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ ጎድጎድ ያለ መቀነት እንዲተዉለት መንገር ይገባዋል፤ የቀለሙ ጌጥ የሚቀመጠው በዚያ ጉድጓድ ውስጥ ነው። እንዲህ ሲሆን የሚያስፈልገው ፖሊመር ሸክላ ከአንድ ጥቅል አይበልጥም፤ በግማሽ ጥቅል የሚያልቅበት ጊዜም ይኖራል። አራት ጥቅል የውጭ ምንዛሪ ይጠይቅ የነበረው ዕቃ ወደ አንድ ወረደ ማለት ነው፤ የቀረውም ገንዘብ ለቀጨኔ ሠሪዎች የሥራ ዋጋ ይሆናል። ብዕር ሲበዛበት የማይገለበጥ ከባድ ማስቀመጫ ማግኘቱም ለገዢው ጥቅም ነው።

አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለበት። የአፈር ሸክላ እርጥበት ይጠጣል፤ ጌጡ ከመለጠፉ በፊት ባዶው ኩባያ በ110 ዲግሪ ለግማሽ ሰዓት ያህል በኦቨን ካልደረቀ፣ የታፈነው እንፋሎት ጌጡን ከስሩ ያነሣዋል። ዘይት የጠጣና የተወለወለ ኩባያም ለዚህ አይሆንም።

በሸክላ ዕቃ ላይ የተሠራ ጌጥ ባለሙያ እጅ ሲገባ ገዢ እንደሚያገኝ ከጎንደር አጠገብ ያለችው ወለቃ ምስክር ናት። በዚያ የቤተ እስራኤል ሴቶች ይሠሩአቸው የነበሩት ትንንሽ የሸክላ ምስሎች በመንገደኛና በአገር ጎብኚ ዘንድ የታወቁ ነበሩ፤ ሠሪዎቹ አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ከሄዱም በኋላ የምስሉ ንግድ በስፍራው አልጠፋም። ያ ሥራ ግን ከአፈር ብቻ የሆነ ነው፤ ፕላስቲክ የተጨመረበትን ዕቃ የአፈር ሸክላ ብሎ መሸጥ ማታለል ይሆናል። ጌጡ ከምን እንደ ሆነ በትንሽ ወረቀት ላይ ተጽፎ ከዕቃው ጋር ቢታሠር ክርክር አይመጣም።

ወረቀቱ ላይ ሊጻፍ የሚገባው ሌላው ነገር ዕቃው ለምን እንደማያገለግል ነው። ፖሊመር ሸክላ ለምግብና ለመጠጥ አይሆንም፤ ሲኒም ሆነ የስኳር ማስቀመጫ አይሠራበትም፤ ለሊጡ ያገለገለ ቢላዋና ጠርሙስም ወደ ማድ ቤት አይመለስም። ከሁሉ የሚያሠጋው የዕጣን ማጨሻ ነው። ሸክላ በተባለ ጊዜ ለብዙ ሰው በአሳቡ የሚመጣው ፍም የሚያርፍበት ዕቃ ነው፤ መልኩ ማጨሻ የመሰለ ኩባያ በዚህ ጌጥ ከተሸጠ አንዱ ቀን ፍም ሳይገባበት አይቀርም። ስለዚህ ቅርጹ ራሱ ማጨሻ እንዳይመስል አድርጎ ማዘዝ ይሻላል። ማጠናቀቂያውን በሚመለከት በውሃ የሚበረዝ አክሪሊክ ቀለምና ቫርኒሽ ይስማማዋል፤ የጥፍር ቀለምና በግፊት የሚረጭ ቀለም ግን ብዙ ጊዜ ፊቱን አሟሙቶ የሚያጣብቅ ያደርገዋል።

ለአስመጪው የቀሩት ነገሮች ጥቂት ናቸው። ያልተጋገረው ሊጥ በዓለም የጉምሩክ መደብ በቁጥር 34.07፣ ለልጆች መጫወቻ የተዘጋጁትን ጨምሮ የቅርጽ ማውጫ ሊጦች በሚሰፍሩበት ይገባል። ተሠርቶ ያለቀ የፕላስቲክ የቢሮ ዕቃ በ39.26፣ የአፈር ጌጣ ጌጥ በ69.13 ይመደባል። ከአፈርና ከፕላስቲክ የተቀናበረውን ኩባያ ወደ ውጭ መላክ የሚያስብ ላኪ ምድቡ የሚወሰነው ለዕቃው ዋና ጠባዩን በሚሰጠው ክፍል ስለ ሆነ፣ የሚቀበለው አገር ጉምሩክ እንዴት እንደሚያየው ከመላኩ በፊት ቢጠይቅ ይሻለዋል። ሊጡን የሚገዛ ነጋዴ ደግሞ ኢ.ኤን. 71 ክፍል 5 የተባለውን የአውሮፓ የመጫወቻ ደንብ የሚያሟላ መሆኑን የሚያስረዳ ወረቀት ከፋብሪካው መጠየቅ አለበት፤ በኦቨን የሚጠናውን የፒ.ቪ.ሲ. ሊጥ በስም ጠቅሶ የሚመለከተው ይህ ክፍል ነው። ቀድሞ ለማለስለሻ ይገቡ የነበሩ አንዳንድ ፋታሌት የተባሉ ቅመሞች በአውሮፓና በአሜሪካ ለልጆች ዕቃ የተከለከሉ ስለ ሆኑ፣ ስምና ምልክት የሌለው ርካሽ ሊጥ የልጆች መጫወቻ ሆኖ መሸጥ የለበትም።

የማጓጓዣውም ወቅት መመረጥ አለበት። በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ የጅቡቲ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ በፀሐይ የቆመ ኮንቴይነር ውስጥ ያለው ደግሞ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ሊጡ በእንዲህ ያለ ሙቀት ለቀናት ከቆየ ሳይጋገር መጠናት ይጀምራል፤ አዲስ አበባ ሲደርስም ጥቅሉ ያልተከፈተ፣ ውስጡ ግን የሚፈረፈር ሆኖ ይገኛል። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ የሚደርስ ጭነት ይመረጣል፤ ካርቶኖቹም ከኮንቴይነሩ ጣራ ርቀው በታችኛው ድርድር እንዲጫኑ ማዘዝ ነው። በሱቁም ውስጥ ጥቅሉ ፀሐይ በሚመታው የመስተዋት መስኮት አይደረደርም። የተከፈተውን ጥቅል ከጠንካራ ፕላስቲክ ሣጥን ይልቅ በብርጭቆ ዕቃ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ ማለስለሻው አንዳንዱን ፕላስቲክ እየበላ ስለሚያጣብቀው። በመስኮቱ የሚታየው ተሠርቶ ያለቀው ብዕር ማስቀመጫ ይሁን፤ ጥቅሉ ከባንኮኒው በታች፣ በጥላ ይቀመጥ።